ሦስት ጉልቻ ፍለጋ በጌዴኦ መንገድ ዳር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላን ካለፈ በኋላ የከተማና የገጠር ድንበር ይጠፋዋል። ቤት ከቤት ተያይዟል። ቡናው በእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ በዋንዛውና በብርብራው ሥር ተጠልሎ ይኖራል፤ ሰውም በሁሉም ሥር። ወናጎን አልፎ ይርጋጨፌ እስኪደረስ ድረስ “አሁን ከከተማ ወጣን” የሚባልበት ቦታ አይገኝም። በኅዳር የሄደ መንገደኛ ደግሞ በግራም በቀኝም እሸት ቡና የተሸከመ ሰው፣ የተጫነ አህያ፣ ከእንጨት በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያየ ይሄዳል። ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከባድ መኪናው ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ሙዝና አቮካዶ ሻጮቹ ወደ መኪናው መስኮት ይሮጣሉ። በዚህ መንገድ ዳር ሕይወት ለአፍታም አይቋረጥም።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሽቅብ የወጣ ሰው ግን ጥቂት እንደተጓዘ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። የእንሰቱ ጥላ ያበቃና ገላጣ ሜዳ ይከፈታል። ሜዳው ላይ ድንጋዮች ቆመዋል። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዘመዋል፤ ብዙዎቹ ወድቀው ሣር ውስጥ ተኝተዋል። ገላቸው ላይ የድንጋይ ሽበት ወጥቶባቸዋል። የአንዱ ጫፍ ተድበልብሎ በወንድ ብልት አምሳል ተጠርቧል። ሌላው ላይ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ክንድ፣ የጎድን አጥንት የሚመስል መሥመር ይታያል። የአካባቢው ሰው ከብቱን በመካከላቸው ያሰማራል፤ ልጆች በወደቀው ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ጎብኚ ሁሉ እዚህ ሲደርስ የሚጠይቀው ማን አቆማቸው፣ መቼና ለምን እንዳቆማቸው ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም በከፊል ተገኝቷል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ አንድ ተራ የሚመስል ነገር አለ። እነዚህን ድንጋዮች ያቆሙ ሰዎች፣ ማታ ሲመሽ የት ገቡ? ይህን ያህል ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ ጠርቦ ያቆመ ሕዝብ የሚበላው ምግብ፣ የሚሞቀው እሳት፣ የሚተኛበት ጎጆ ነበረው። ልጅ ወልዷል፤ ገበያ ወጥቷል። ድንጋዩ እዚህ አለ። መንደሩስ?

*

በጌዴኦ ዞን ስድሳና ከዚያ በላይ በሚሆኑ ቦታዎች ከ10,000 የሚበልጡ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ይህን ያህል ትክል ድንጋይ በአንድ አካባቢ ተከማችቶ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ በአፍሪካ የለም። ቁጥሩን ከምናውቀው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በቡታጅራ መንገድ ዳር ያለውና እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ነው ያሉት። በጌዴኦ ጨልባ ቱቱቲ በሚባለው አንድ ቦታ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ አሉ። በቱቱ ፈላ ሦስት መቶ ያህል ይገኛሉ። ሳካሮ ሶዶ ደግሞ በቁመታቸው የታወቁት ያሉበት ነው፤ በጌዴኦ ካሉት ረጃጅሞቹ እስከ ስድስት ሜትር ይደርሳሉ።

ስድስት ሜትር ሲባል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ የስድስት ሜትር ድንጋይ ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል። በመኪና ዘመን እንኳ ወደዚያ ተራራ ጫፍ ሦስት ቶን ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ድንጋዩ መጀመሪያ ከአለቱ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ በገመድና በእንጨት እየተጎተተ ቁልቁለቱንና ዳገቱን ያልፋል፤ በመጨረሻም ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይቆማል። ጎታቾቹን የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ ገመዱን የሚገምድ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ድንጋይ የአንድ ትልቅ ደቦ ፍሬ ነው። የአገራችን ገበሬ ደቦ የጠራ ሰው ቤቱ ባዶ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። ምግብ ከሌለ ማንም አይመጣም።

ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ ትልቅ ሰፈር መኖር ነበረበት። ይህን ስል እየገመትኩ ነው፤ ግምቱ ግን ከድንጋዩ ክብደት የሚነሣ ነው።

*

የጌዴኦን ድንጋዮች በጽሑፍ ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ፈረንሳዊው ቄስ አባ አዛይስና ሮዤ ሻምባር ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የደቡብና የምሥራቅ ኢትዮጵያን ቅርሶች ሲያስሱ ቆይተው መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተሙ። ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን የመራው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ወደ ደቡብ መጣ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ሮዤ ዡሶም ተከተሉ።

ዡሶም በቱቱ ፈላ ሲቆፍር ያገኘው ነገር ለእኔ በዚህ አካባቢ ከተደረጉት ግኝቶች ሁሉ ቀልብ የሚስበው ነው። ቱቱ ፈላ አንድ መካነ መቃብር ይመስል ነበር፤ ሲቆፈር ሁለት ሆነ። ከታች ያለው የቀደመው ነው፤ መቃብሮቹ ላይ በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ ድንጋዮች ቆመው ነበር። ከዘመን በኋላ ሌላ ትውልድ መጣ። በቀደመው ላይ ድንጋይ ከምሮ ጉብታ ሠራ፤ የራሱን ሙታን እዚያው ቀበረ፤ በላዩም በሰው አምሳል የተቀረጹ ድንጋዮችን አቆመ። ለዚህም ሁልጊዜ አዲስ ድንጋይ አልፈለፈለም። ከጥንቶቹ አንዳንዶቹን አነሣና ፊት፣ ክንድ፣ ደረት ቀረጸባቸው። በአንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ሕዝብ፣ ወይም ሐሳቡን የለወጠ አንድ ሕዝብ፣ በየተራው ጻፈበት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ በመካነ መቃብር ላይ ከታየ፣ በመንደሩም ውስጥ የሆነ ነገር መኖር አለበት። የእምነት፣ የአስተዳደር ወይም የዘር ሐረግ ለውጥ ሊሆን ይችላል። መቃብሩ ለውጡን ይነግረናል፤ ለውጡ የተጀመረበትን ደጃፍ ግን አያሳየንም። መቃብር ሰዎች እንዴት መታወስ እንደፈለጉ ይናገራል። ምን እንደበሉ፣ ከማን እንደተበደሩ፣ በምን እንደተጣሉ የሚናገረው ቤት ነው።

*

ድንጋይ ዕድሜውን አይናገርም። የተጠረበበትን ዘመን በቀጥታ የሚለካ ቀላል ዘዴ የለም። አርኪዮሎጂስቱ የሚያደርገው ከድንጋዩ ሥር፣ ድንጋዩ ሲተከል ከተቆፈረው አፈር ውስጥ ከሰል መፈለግ ነው። ማንኛውም ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየሩ ጋር ካርቦን ይለዋወጣል። ከካርቦኑ ጥቂቱ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት ነው። ዛፉ ሲቆረጥ አዲስ መግባቱ ይቆማል፤ ያለው ደግሞ በ5,730 ዓመት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን የለካ ሰው ዛፉ የሞተበትን ዘመን ያውቃል።

በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው አሸናፊ ዜና ከአንድሪው ዳፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት በዚህ መንገድ የታሪኩን አጀማመር ወደ ኋላ ገፋው። ቀደም ሲል የጌዴኦ ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከ1100 ገደማ አይቀድሙም ይባል ነበር። የሳካሮ ሶዶዎቹ ግን በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደቆሙ ታወቀ። አንድ ሺህ ዓመት በአንድ ጊዜ ተጨመረ። ይህ የአክሱም መንግሥት በሰሜን የሚነሣበት ዘመን ነው። በሰሜን ሐውልት ሲቆም በደቡብም ድንጋይ ይቆም ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩት ታሪክ ግን ሰሜኑን ብቻ ነበር የነገረኝ።

ተመራማሪዎቹ ሌላም ሐሳብ አቀረቡ። ድንጋይ ሁሉ የመቃብር ምልክት ነው ብሎ መውሰድ አያስኬድም፤ በሳካሮ ሶዶ ያሉት ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የጌዴኦን የባሌ ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ያስባል። በባሌ ሥርዓት ዕድሜና ተራ ይቆጠራል፤ አባ ገዳው ጊዜው ሲደርስ ለተተኪው ያስረክባል። የዛሬው ሥርዓት ከዚያን ጊዜው በቀጥታ ይወርዳል የሚል የለም። ድንጋዩ ዛሬ ጌዴኦ ብለን የምናውቀው ሕዝብ ሥራ ነው ለማለትም ማስረጃው አይበቃም፤ ሕዝቡ ግን ተረክቦታል፤ ሽማግሌዎቹም ሲጠብቁት ኖረዋል። ተራ አክባሪነት ግን በዚያ ምድር ላይ የቆየ ጠባይ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ ግን የያዘኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ባልጩት። በሳካሮ ሶዶ በቁፋሮ የተገኘው ባልጩት በኬሚካል ሲመረመር አብዛኛው የመጣው ከሰሜን ኬንያ ሆኖ ተገኘ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የሚተፋው ጥቁር መስተዋት ነው፤ ሲፈለጥ ከምላጭ የሰላ ስለት ይወጣዋል። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የራሱ የኬሚካል አሻራ ስላለው የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ተራራ እንደተነሣ ማወቅ ይቻላል። ስምጥ ሸለቋችን በባልጩት የታወቀ ነው። ታዲያ የሳካሮ ሶዶ ሰዎች ቅርቡን ትተው ሩቁን ለምን አመጡ? ከዚያ አቅጣጫ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር፣ ዝምድና ወይም ንግድ ወይም ሁለቱም፣ ነበራቸው ማለት ነው።

በእግር በቀን 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 300 ኪሎ ሜትሩን በአሥራ ሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አሥራ ሁለት ሌሊት ማደሪያ ይፈልጋል። ውኃ የሚያገኝበት፣ ዕቃውን የሚያወርድበት፣ “ቤት ለእንግዳ” የሚባልበት ቦታ ይፈልጋል። ዛሬ ዲላን አቋርጦ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድም ወደዚያው ወደ ኬንያ ነው የሚሄደው። ጥንታዊው ዱካ በዛሬው አስፋልት ላይ አርፏል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በሁለት ሺህ ዓመት መካከል ያለው አቅጣጫ አንድ ነው፤ በመንገዱም ዳር ማደሪያዎች ነበሩ። ከእነዚያ ማደሪያዎች አንዱንም በዓይናችን ማየት አልቻልንም።

*

ለምን ጠፉ?

ለዚህ መልሱ አሁን በቆመው ቤት ውስጥ አለ። በጌዴኦ ደጋ የሚሠራውን የቀርከሃ ቤት አስተውሎ ላየ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፤ ክዳኑም የሚመጣው ከዕፀዋት ነው። ማሰሪያው የእንሰት ቃጫ ነው። በር፣ አልጋ፣ ማዕዘን፣ ማጀት ሁሉ ከጓሮ ይመጣል። ድንጋይ የሚያስፈልገው ለሦስት ጉልቻ ብቻ ነው። ቤቱ ውብ ነው፤ ሙቀት ይይዛል፤ ለዝናሙ ይስማማል። ምስጥና እርጥበት ሲበዛበት ግን ወደ አፈር ይመለሳል፤ ባለቤቱም አዲስ ይሠራል።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ስንዴና ገብስ የሚበላ ሕዝብ የከሰለ ፍሬ ትቶ ይሄዳል፤ አርኪዮሎጂስቱ አፈሩን በውኃ አንሳፍፎ ፍሬውን ይለቅማል። እንሰት ግን ፍሬው ሳይጠበቅ የሚበላ ተክል ነው። ግንዱና ሥሩ ይፋቃል፤ ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ቡላው ይጠለላል። የሚተከለውም ከፍሬ ሳይሆን ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው። መፋቂያው ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት ነው። አንድ ቤተሰብ መቶ ዓመት ሙሉ እንሰት በልቶ ሲሞት፣ ከምግቡ በዓይን የሚታይ አንዳች ነገር አይተውም። ዝናም የሚበዛበት ቀዩ አፈርም አጥንትን ቀስ በቀስ ይበላል።

ይህ የጌዴኦ ኑሮ ጥበብ ነው። መሬቱን ሳያራቁቱ፣ ዛፉን ሳይጨርሱ፣ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች በአንዱ ለመኖር ያስቻላቸው ይኸው ነው። ታደሰ ኪጴ የዚህን አስተራረስ ዘላቂነት በዶክትሬት ጥናታቸው ሲመረምሩ ዕድሜውን አምስት ሺህ ዓመት አድርገው በርዕሳቸው ላይ ጥያቄ አንሥተውበታል። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን መልክዓ ምድር ሲመዘግብም ድንጋዮቹን ለብቻቸው አልወሰደም፤ ጥምር እርሻውን፣ ሕዝቡ የሚጠብቃቸውን ቅዱሳን ደኖችና ድንጋዮቹን አንድ ላይ ነው የመዘገበው። ትክክል ነው። ነገር ግን መሬትን እንዲህ በስሱ የሚነካ ሕዝብ ታሪኩንም በስሱ ይጽፋል። አንባቢው ዓይኑን ማሠልጠን አለበት።

ዓይኑ ከሠለጠነ የሚነበብ ነገር አለ። የቤት ምሰሶ ሲበሰብስ የቆመበት ጉድጓድ በጠቆረ አፈር ይሞላል። አፈሩ በማንኪያ እየተላጨ ሲጠረግ በቀዩ መሬት ላይ ጥቁር ክብ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቦቹ በክብ ሲሰለፉ ጎጆው ወለሉ ላይ ተስሎ ይወጣል። ምድጃ የነበረበት አፈር እንደ ሸክላ ተጠብሶ ይቀላል። ሰውና ከብት ለዘመናት በኖሩበት ቦታ ፎስፌት ይከማቻል፤ በቤተ ሙከራ ይለካል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የእንሰት አሻራ ነው። ብዙ ዕፀዋት በሕዋሳቸው ውስጥ ደቃቅ የብርጭቆ ቅንጣት ይሠራሉ፤ ፋይቶሊት ይባላል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ቅንጣቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ሺህ ዓመትም ይቆያል። የሙዝና የእንሰት ወገን ቅንጣት በአጉሊ መነጽር ሲታይ አፉ የተከፈተ የእሳተ ገሞራ ተራራ ይመስላል። አንድ ጭብጥ አፈር በጥንቃቄ ቢመረመር ከሺህ ዓመት በፊት የደረቀ ጓሮ ሊገኝበት ይችላል።

ቁፋሮው እስካሁን በአብዛኛው ወደ ድንጋዩ ያመራው ድንጋዩ ስለሚታይ ነው። ተመራማሪዎቹን አልወቅስም፤ ጊዜና ገንዘብ ሲያንስ የሚታየውን መያዝ የግድ ነው። ነገር ግን ከድንጋዩ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ወዲህ ማዶ፣ ውኃ በሚቀርብበት፣ ንፋስ በማይመታው ጉያ ላይ አካፋ መንካት ያለበት ጊዜ ደርሷል። ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ ዛሬም ሰው መኖሩ ነው። በጌዴኦ ባዶ መሬት የለም። አንድ ካሬ ሜትር መቆፈር የአንድ ቤተሰብ ቡና መንቀል ማለት ነው። ለጥናት ሲባል ቡናው የሚነቀልበት ገበሬ ካሳውን አስቀድሞ ሊያገኝ፣ የሚገኘውም ነገር የእሱ ቀዬ ታሪክ መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

*

የመንገድ ዳር ከተማ ጠፍቶ እንደገና ሲገኝ ምን እንደሚመስል በአገራችን ምሳሌ አለ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከድሬዳዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሀርላ የሚባል መንደር ይገኛል። ገበሬዎች ሲያርሱ እንግዳ ነገር፣ የቻይና ገንዘብ ሳይቀር፣ ያወጡ ነበር። ግንቡ የተሠራበት ድንጋይ ግዙፍ በመሆኑ በጥንት ጊዜ ግዙፋን ሰዎች ኖረውበታል ይባል ነበር። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሲቆፍር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የዶቃና የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ገንዘብ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል፣ ከየመንና ከቻይና የተሻገረ ሸክላ አገኘ። የተቀበሩት ሰዎች አጽም ሲታይ ቁመታቸው እንደማንኛውም ሰው ነበር። ግዙፍ የነበረው ንግዳቸው ነው። ዛሬ መኪናው በዚያ ሽው ብሎ ሲያልፍ፣ ከመንኮራኩሩ አጠገብ ከቻይና እስከ ግብፅ የተዘረጋ ገበያ ተኝቷል።

በይፋት ቆላ ደግሞ ገንደበሎ የሚባል ከተማ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከመንገደኞች አፍ ሰምቶ በመዘገበው ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ተነሥቷል፤ ከባሕሩ በኩል የመጣው ግመል ሸክሙን የሚያራግፍበት፣ ወደ ደጋ የሚወጣው በቅሎ የሚጫንበት ትልቅ የንግድ ከተማ ነበር። ግመል ደጋ አይወጣም፤ በቅሎም ቆላውን አይችልም። ገንደበሎ በሁለቱ መካከል የቆመ ነበር። መንገዱ ሲለወጥ ከተማውም ጠፋ። ይሁንና ከይፋት ከተሞች የድንጋይ ቅጥርና መስጊድ ስለቀረ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ኖራ የተባለውን ከተማና ሌሎችንም እየተከተሉ ሊያገኙ ችለዋል። ሀርላና ኖራ የተገኙት በድንጋይ ስለተሠሩ ነው። በቀርከሃ የተሠራ ሀርላ ቢኖር ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር፤ ገበያው ያው፣ ዛጎሉም ያው፣ ሰዉም ያው ሆኖ።

በጌዴኦ ለሺህ ዓመታት የደረሰው ይህ ይመስለኛል።

*

ስለ ከተማ ስናወራ ቃሉ ራሱ ሊረሳ አይገባም። ከተማ የሚለው ቃል ከተመ፣ ማለት ሰፈረ፣ ካለው የወጣ ነው። በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ ከተማ ማለት ንጉሡ ድንኳን ተክሎ የሰፈረበት ቦታ ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ወደ ደቡብ ሲወርድ እንዲህ ያሉ ሰፈሮችን በየተራራው ጫፍ ላይ መሠረተ፤ ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበር። ነፍጠኛው ከላይ ሰፈረ፤ ገባሩ ከታች ገበረ። ከዚያ ቡና ዋጋ አወጣ፤ ነጋዴው ወደ ቡናው ወረደ፤ መኪና ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ወደ መንገዱ ተሰበሰበ። ዲላ ያደገችው በዚህ ነው። በተራራ ጫፍ የነበሩት ሰፈሮች አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ፤ ሌሎቹ መንገዱ ሲርቃቸው አነሱ፤ ከብዙዎቹ የቀረው ቤተ ክርስቲያንና የቦታ ስም ነው። ይህ የሆነው በመቶ ዓመት ውስጥ ነው፤ የጽሑፍ መዝገብ ባለበት ዘመን። ጽሑፍ በሌለበት ሁለት ሺህ ዓመት ስንት ሰፈር እንዲህ ተነሥቶ እንደሄደ ማሰብ ይቻላል።

በቅርቡም አይተናል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ጓሮዎች ተጨፈጨፉ። የቀርከሃ ቤት ሲቃጠል የሚተርፈው አመድና ሦስት ጉልቻ ነው። ክረምት ሲገባ አመዱን ጎርፍ ይወስደዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ሣር ይበቅልበታል። ባለቤቱ ተመልሶ ካልሠራው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ መንገደኛ “እዚህ ሰው ኖሮ ያውቃል?” ብሎ ይጠይቃል። የጠፋ መንደር የሚባለው ነገር ጥንታዊ ብቻ ሆኖ እንዲታሰብ የማልፈልገው ለዚህ ነው። መጥፋት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በዚያ ምድር የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት አሉ።

*

ከዲላ ብዙ ሳይርቅ ሸፔ በተባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በአለት ላይ የተቀረጹ ከብቶች አሉ። ቀንዳቸው ረጅም፣ ጡታቸው የሞላ፣ ተከታትለው የሚሄዱ ይመስላሉ። ተመራማሪዎች ከትክል ድንጋዮቹ በሺህ ዓመታት እንደሚቀድሙ ይገምታሉ። ከእነሱ ፊት የቆመ ሰው መንጋው ወዴት እየሄደ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ከብት ማታ ወደ በረቱ ነው የሚመለሰው። ቀራጩ መንጋውን አውቆታል፤ በረቱን ግን አልቀረጸም። ለእሱ በረቱ ሁልጊዜ እዚያው ያለ ነገር ነበር።

አሁን የቀረው ጊዜ ሰፊ አይደለም። መንገድ ይሰፋል፤ የሣር ቤት በቆርቆሮና በብሎኬት ይተካል፤ የብሎኬት ቤት ደግሞ ጥልቅ መሠረት ይፈልጋል። መሠረት ሲቆፈር በዶማ የሚመታው ያ ጥቁር ክብ ነጥብ ነው፤ ለቆፋሪው ተራ ጭቃ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ሕጉ ለድንጋይና ለሸክላ ይሠራል፤ የተቀረጸ ድንጋይ ያየ ኦፕሬተር ማሽኑን ሊያቆም ይችላል። ለጠቆረ አፈር ማን ያቆማል? መንገድ ከመቀየሱ በፊት አንድ ባለሙያ መሥመሩን በእግሩ ሄዶ ማየት አለበት፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያው አጠገቡ አሉ፤ አፈር ማንበብ የሚማሩበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይኖርም። ገበሬውም ጓሮው ውስጥ ከዶማው ጋር የሚወጣውን ገልና ባልጩት ለማን እንደሚያሳይ ሊያውቅ ይገባል።

ገበሬው ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው ነገር አለ። ከትክል ድንጋዮቹ ወርጄ በአንድ የእንሰት ማሳ ሳልፍ ከሌላው ይልቅ የጠቆረና የሰፋ ቅጠል ያለው አንድ ጥግ አየሁ። ቅጠሉ ከጎረቤቱ በአንድ ክንድ ይበልጥ ነበር። ባለማሳው ምክንያቱን ሲነግሩኝ እጃቸውን በክብ አዙረው መሬቱን አሳዩኝ። የአያታቸው ቤት የቆመው እዚያ ነበር። ምድጃው በዚህ በኩል፣ ከብቶቹ በዚያ በኩል። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ምሰሶው፣ ክዳኑ፣ ማዕዘኑ አንዱም የለም። እንሰቱ ግን የምድጃውን አመድና የከብቱን ፍግ ዛሬም እየበላ፣ ጎጆው በነበረበት ልክ ክብ ሠርቶ ቆሟል።